«ባልቴት» ሙገሳ ነው ስድብ?

ሰሎሜ፦
በዘመድ ለቅሶ ላይ ማድቤቱን ይዤ ስዘጋጅም ሳስተናግድም ዋልኩ። አክስቴ ሊያግዙኝ ለመጡት ጎረቤቶች «ተዉላት፣ እርሷ ባልቴት ናት» አለቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም። ባልቴት ሲባል የማውቀው ያረጀችውን ወይም ባሏ የሞተባትን ነው። ታዲያ አመሰገነችኝ ወይስ ነካችኝ?

ዘቅኔ፦
ግእዙን ተመልከቺ፤ በዓልተ ቤት፣ የቤት ባለቤት የሆነች ሴት። ሲነገር ሲነገር ዐይኑ፣ «ዓ» የሚለው ፊደል፣ ወደቀ፣ ሁለቱ ቃላት ተጣበቁ፣ ባልቴት ሆነ። እርጅናው በኋላ የተለጠፈ ነው።

የወሎዋ፦
«የባልትና ውጤቶች» የሚለው ማስታወቂያም ከዚሁ ነው ማለት ነው? እኔ ባልትና ከባል የመጣ ይመስለኝ ነበር፤ ለባል የሚሠራ ሙያ።

ዘቅኔ፦
ከባል ቢሆን ባልነት በሆነ ነበር። ድንግልና፣ ክርስትና፣ ምንኩስና እንደሚባለው ባልቴት ላይ «ና» ተጨመረበትና አጠረ። በርበሬ ደልዞ ሽሮ አስፈጭቶ የበላ ባል የሙያው ስም እንዲሰጠው መጠየቁ ደፋርነት ነው።

አዲስ ጠበቃ፦
ከባል ግን አላመለጥንም። ባልም በዓል ነው፤ ጌታ፣ ባለንብረት ማለት። ኤልያስ በቀርሜሎስ ነቢያቱን ያሳፈረበት የከነዓን ጣዖት ስምም ከዚሁ ሥር ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ አድርጎት ነበር፤ ይህን ያስቀረው በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ ነው። ሕግ አውጪው ቃሉን ለማሻሻል ግን አልደፈረም።

የወሎዋ፦
ወንዱም ሚስቱን «ባለቤቴ» ይላል እኮ። ጌትነቱ እኩል ተካፍሏል።

ሐረገ ወይን፦
እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እመቤትም እመ ቤት ናት፣ የቤት እናት። ሁለቱ ቃላት ከአንድ ደጃፍ ወጡ፤ አንደኛዋ «እመቤታችን» ተብላ ቅዳሴ ገባች፣ ሁለተኛዋ ምድጃ ዳር ቀርታ አረጀች። እናትነት ከፍ ሲል ቤት ማስተዳደር ለምን ዝቅ አለ? አያቴ የደርዘን ሰው ቤት ስትመራ ኖራ ሲያሞግሷት «ባልቴት» ይሏት ነበር፤ እኔን ዛሬ ቢሉኝ እቆጣለሁ። ሰሎሜ፣ አክስትሽ በየትኛው ትርጉም እንደተናገረች እርሷ ናት የምታውቀው።

ዐይኑ ዐ፦
ከዚህ በፊት እንዲህ የሚያከራክር ቤት ገብቼ አላውቅም። በዓልን «በአል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ስለ ሥረ ቃል ባይናገር ይሻላል። ቅኔ ቤት ያልዋለ አይፍረድ።

አዲስ ጠበቃ፦
እዚህ «በአል» ብሎ የጻፈው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም አንተ።

ሰሎሜ፦
ጥያቄዬ ግን የሴቶቹ ሳቅ ነበር።

ዐይኑ ዐ፦
እመቤት በአልፋው አ መሆኑን ሐረገ ወይን ብታስታውሺ ደግሞ፣ ከበዓልት ጋር አታጎራብቺያትም ነበር።

ሐረገ ወይን፦
ያጎራበትኩት ትርጉማቸውን ነው እንጂ ፊደላቸውን አይደለም፤ መምህር።

ዘቅኔ፦
እንግዲህ ባልቴት ላይ ዐይኑ መቼ እንደወደቀ መጀመሪያ እንስማማ፤ አክስትየዋ ይቆዩ።