ሜኑው አልዘጋ አለኝ፣ ድረሱልኝ!

ጀማሪው_ኮደር፦ ሰላም ጓዶች፣ አስቸኳይ ነው። ለአንድ ካፌ የሜኑ ገጽ እየሠራሁ ነው፤ 8 ሰዓት ላይ ለባለቤቱ አሳያለሁ። «ትኩስ መጠጦች» የሚለው ሲነካ ዝርዝሩ ይከፈታል፣ ሲደገም ይዘጋል። ሲዘጋ ግን «ማኪያቶ» የምትለው መስመር አልደበቅ ትላለች። በሲኤስኤስ (የገጹን መልክ በሚወስነው ኮድ) የዝርዝሩን ሃይት፣ ማለትም ቁመቱን፣ ዜሮ ብዬዋለሁ። ኧረ ምን ሆኖ ነው?

ቡና_በጨው፦ ካሹን (ብሮውዘሩ ያስቀመጠውን የገጹን አሮጌ ቅጂ) አጽዳና ሞክር።

ጋሽ_ፒክስል፦ ልጄ፣ ኮድ ሳያሳዩ «አልሠራ አለኝ» ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ «አመመኝ» ብሎ ዝም እንደማለት ነው። ደግሞስ ሃይትን ማን አኒሜት አድርግ (በእንቅስቃሴ ቀይር) አለህ? ሃይት በተቀየረ ቁጥር ብሮውዘሩ የገጹን አቀማመጥ እንደገና ያሰላል። ትራንስፎርም (አቀማመጡን ሳይነካ የሚታየውን ብቻ የሚያሳንስ ወይም የሚያንቀሳቅስ) ተጠቀም።

ጀማሪው_ኮደር፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ይኸው። ክፍት ሲሆን ሃይት 300 ፒክስል፣ ሲዘጋ 0። ትራንዚሽኑ (ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀየርበት ሂደት) ግማሽ ሰከንድ፣ ሊኒየር (ፍጥነቱ እኩል)። ኦቨርፍሎው ሂደን ነው (ከሳጥኑ የተረፈው ይደበቃል)። ሚን-ሃይት (ትንሹ የሚፈቀድ ቁመት) 60 የሚልም አለ፣ እሱ ግን ዲዛይነሯ ያስገባችው ነው፣ አይመለከተውም። ሃይቱ ላይ ኢምፖርታንት (ለሕጉ ቅድሚያ የሚሰጥ ምልክት) ጨምሬበትም አልሰማ አለኝ።

ቡና_በጨው፦ ካሽ አጽድተሃል?

ዲቭ_ሰፈር፦ ማኪያቶዋ ካስቸገረችህ ወደ እኔ ላካት ሃሃሃ። «አይመለከተውም» ያልከው ራሱ ነው እኮ! ሚን-ሃይት ሃይትንም ማክስ-ሃይትንም (ትልቁን የሚፈቀድ ቁመት) ይረታል። ኢምፖርታንት የሚገላግለው በአንድ ፕሮፐርቲ (እንደ ሃይት ባለ ባሕርይ) ላይ የተጣሉ ሕጎችን ነው፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ፕሮፐርቲዎች ናቸው። ትራንዚሽኑ እስከ ዜሮ ይቆጥራል፣ ሳጥኑ ግን 60 ላይ ይቆማል። ከ300 እስከ 60 ለመውረድ 0.4 ሰከንድ ይፈጃል፤ በቀረው 0.1 ሰከንድ ምንም አይታይም። ስትከፍተውም መጀመሪያ ላይ ለ0.1 ሰከንድ ደርቆ ይቆያል፣ ልብ ብለህ እየው።
የተዘጋው ክላስ (ሲዘጋ የሚሠራው የሕጎች ስብስብ) ላይ ሚን-ሃይትንም 0 አድርገው። ትራንዚሽኑ ውስጥም ጨምረው፣ አለዚያ ሲከፈት 60 ላይ ዘሎ ነው የሚጀምረው። ፓዲንግ (የውስጥ ክፍተት) ካለውም አጥፋው፤ ሃይት ዜሮ ቢሆንም ፓዲንግ ቦታ ይይዛል።

ማታ_ነቃሁ፦ ዲዛይነሯ 60 ያስገባችው ለጣት እንዲመች ከሆነ ቦታው የሚነካው በተን ላይ ነው፣ ዝርዝሩ ላይ ምን ይሠራል? ጋሼ፣ ትራንስፎርም ሚን-ሃይትን አይሰማም፣ እሱስ ልክ ነው። ግን በስኬል (በትራንስፎርም በማሳነስ) ሲዘጋ ፊደሉ ይጨፈለቃል፣ የያዘው ቦታም ባዶውን ይቀራል። ከሥሩ ያለው «ጁስ» ወደ ላይ አይወጣም።

ጋሽ_ፒክስል፦ አውቃለሁ። እኔ ያወራሁት ስለ መርሁ ነው።

ማታ_ነቃሁ፦ እሺ ጋሼ።

ቡና_በጨው፦ 8 ሰዓት አለፈ እኮ። ሆነልህ? ካሹ ነበር አይደል?