«አይ ዎዝ ቶልድ ዛት» ትክክል ከሆነ «አይ ዎዝ ኤክስፕሌይንድ ዛት» ለምን ስህተት ይሆናል?

ብዕረኛዋ፦
ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንግሊዝኛ ላይ ጎበዝ የሆናችሁ እስቲ እርዱኝ። ሥራዬ ሪፖርትና ኢሜይል መጻፍ ይበዛዋል እና ይሄ ፓሲቭ ከዛት ክሎዝ፣ ማለትም በዛት ከሚጀምረው የዓረፍተ ነገር ክፍል ጋር ሲመጣ ልቤን ያወልቀዋል። «አይ ዎዝ ቶልድ ዛት ዘ ሚቲንግ ዎዝ ካንስልድ» ብዬ ስጽፍ ግራመር ቼከሩ ዝም ይላል፣ በዛው አካሄድ «አይ ዎዝ ኤክስፕሌይንድ ዛት» ወይ «አይ ዎዝ ሰጀስትድ ዛት» ብዬ ስጽፍ ግን ቀይ ያሰምርበታል። ሁለቱም እኮ ሌላ ሰው ለኔ ያለኝ ነገር ነው፣ ሁለቱም ፓሲቭ ነው፣ ሁለቱም ዛት አለው፣ ታዲያ ምኑ ጋ ነው የሚለያዩት? ደሞ «ሂ ኢዝ ሴድ ዛት ሂ ኢዝ ሪች» አይባልም «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት» ነው የሚባለው ይላሉ፣ እሺ ያቺ ኢት ማንን ነው የምትወክለው? ዝርዝሩን ሸምድጂው እንዳትሉኝ፣ ምክንያቱን ካላወቅኩ ነገ ሌላ ግስ ሲመጣ እዛው ነኝ።

ሰዋሰው ወዳድ፦
ደስ የሚል ጥያቄ ነው እህት፣ ምክንያትም አለው። ፓሲቭ ማለት አክቲቩ (አድራጊውን የሚያስቀድመው ዓረፍተ ነገር) ላይ ኦብጀክት፣ ማለትም ተሳቢ የነበረውን አንስተሽ ሰብጀክት፣ ማለትም ባለቤት ማድረግ ነው አይደል? ስለዚህ ፓሲቩን ከመጻፍሽ በፊት አክቲቩን በአእምሮሽ በይውና ከግሱ ኋላ ሰውየው በቀጥታ ይመጣል ወይ ብለሽ ጠይቂ። «ዴይ ቶልድ ሚ ዛት» ይባላል። ሚ ከቶልድ ጋር ምንም ሳይገባ ተያይዛ ስላለች ወደ ፊት አምጥተሽ «አይ ዎዝ ቶልድ ዛት» ማለት ትችያለሽ። ኤክስፕሌይን ጋ ስትመጪ ግን «ዴይ ኤክስፕሌይንድ ሚ ዛት» የሚባል ነገር የለም፣ «ዴይ ኤክስፕሌይንድ ቱ ሚ ዛት» ነው። ሰውየው ቱ ውስጥ ነው ያለው፣ ኦብጀክት አይደለም፣ ስለዚህ ሰብጀክት አድርገሽ ልታወጪው አትችይም። አማርኛ ላይ ተነገረኝም ተብራራልኝም እኩል ስለሚሄዱልን ነው ብዙዎቻችን እዚህ ጋ የምንደናቀፈው።

እሺ ታዲያ የኤክስፕሌይን ኦብጀክት ምንድን ነው ካልሽ ያ የዛት ክሎዝ ሙሉውን ነው። እሱን ወደ ፊት ብታመጪው «ዛት ዘ ሚቲንግ ዎዝ ካንስልድ ዎዝ ኤክስፕሌይንድ ቱ ሚ» ይሆናል፣ ሰዋሰዉ አልተሳሳተም ግን አንባቢ ዋናውን ግስ እስኪያገኝ ትንፋሹ ያልቃል። እንግሊዝኛ ረጅሙን ነገር መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ ነው የሚወደው፣ ስለዚህ ክሎዙን ወደ ኋላ ይገፋውና የሰብጀክቱ ቦታ ባዶ እንዳይቀር ኢትን ያስቀምጥበታል፣ «ኢት ዎዝ ኤክስፕሌይንድ ቱ ሚ ዛት ዘ ሚቲንግ ዎዝ ካንስልድ»። ኢት ሰውም ዕቃም አትወክልም፣ ቦታ ያዥ ናት፣ ደሚ ሰብጀክት የሚሏት እሷን ነው።

በዚህ ፈተና ሌሎቹንም ራስሽ ትለያቸዋለሽ። ኢንፎርም፣ ሪማይንድ፣ ዎርን፣ አሹር፣ ኮንቪንስ ከቴል ጋር ናቸው፣ «ዊ ዌር ኢንፎርምድ ዛት»፣ «ሺ ዎዝ ሪማይንድድ ዛት» ያለ ችግር ይሄዳል። እንደውም ከዎርን በቀር እነዚህ ሰው ካልተጠራ አይመቻቸውም። ሰጀስት፣ ሜንሽን፣ አናውንስ፣ ፕሮፖዝ፣ ሴይ ደሞ ከኤክስፕሌይን ጋር ናቸው፣ «ኢት ዎዝ አናውንስድ ዛት»፣ «ኢት ዎዝ ሰጀስትድ ቱ ሚ ዛት»።

ብዕረኛዋ፦
በጣም ነው የማመሰግነው፣ ለዓመታት ያልገባኝ ነገር አሁን ገባኝ። ግን አንድ ነገር ቀረ፣ ሴይ ከኤክስፕሌይን ጋር ከሆነ ዜና ላይ «ሂ ኢዝ ሴድ ቱ ቢ ሪች» ሲሉ የምሰማው ከየት መጣ? በዚህ ፈተና ከሄድኩ «ዴይ ሴይ ሂም ቱ ቢ ሪች» መባል ነበረበት፣ እሱ ደሞ አይባልም።

ቀይ እስክርቢቶ፦
ይቺ ጥሩ ጥያቄ ናት። እኔ ጽሑፍ አርማለሁ እና በብዛት የሚያጋጥመኝ ይሄ ቦታ ነው። «ኢት ኢዝ ሴድ ዛት ሂ ኢዝ ሪች» ከሚለው ተነሺ። ከዛት ክሎዙ ውስጥ ያለውን ሂ መዘሽ ታወጪውና የኢትን ቦታ ትሰጪዋለሽ፣ እሱ ሲወጣ ክሎዙ ሰብጀክት አልባ ስለሚሆን ዛትም አብራ ትወጣለች፣ ኢዝም ወደ ቱ ቢ ይቀየራል፣ «ሂ ኢዝ ሴድ ቱ ቢ ሪች» ይመጣል። ስለዚህ ወይ ኢት ከዛት ጋር ወይ ሰውየው ከቱ ጋር ነው፣ «ሂ ኢዝ ሴድ ዛት ሂ ኢዝ ሪች» ሁለቱን መንገድ ስለቀላቀለ ነው የተበላሸው። ቢሊቭ፣ ቲንክ፣ ኖው፣ ሪፖርት፣ ኤክስፔክት ሁለቱንም መንገድ ይሄዳሉ። ሴይን ያነሳሽው ልክ ነሽ፣ አክቲቩ ላይ ይሄ ቅርጽ የለውም ፓሲቩ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ ከአክቲቩ ተነስተሽ ልታወጪው አትችይም እንዳለ ተቀበይው። ሩመርም እንደዛ ነው፣ «ኢት ኢዝ ሩመርድ ዛት» እና «ሂ ኢዝ ሩመርድ ቱ ቢ» ይባላል፣ «ዴይ ሩመር ዛት» የሚል ሰው ግን ዛሬ አታገኚም።

ሁሉም ግስ እንዲህ ይፈቅዳል ብለሽ ደሞ እንዳትሄጂ። «ኢት ኢዝ ሆፕድ ዛት ሂ ዊል ካም» ይባላል፣ «ሂ ኢዝ ሆፕድ ቱ ካም» አይባልም። ዲሳይድም እንደዛው ነው። ጊዜውንም ተጠንቀቂ፣ ነገሩ ከእምነቱ ቀድሞ የሆነ ከሆነ ቱ ሃቭ ነው የሚገባው፣ «ሺ ኢዝ ቢሊቭድ ቱ ሃቭ ሌፍት» ማለት አሁን የሚታመነው ቀደም ብላ እንደሄደች ነው፣ ኢዟን ወደ ዎዝ ብትቀይሪ ደሞ እምነቱ ራሱ የድሮ ይሆናል።

ጥያቄ አብዢ፦
ሰዋሰዉ ላይ ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ ግን ሪፖርት ትጽፋለሽ ስላልሽ አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ የኢት ፓሲቭ ማን እንዳለው ይደብቃል፣ መደበቁ የሚጠቅምበትም የሚጎዳበትም ጊዜ አለ። «ኢት ዎዝ ዋንስ ቢሊቭድ ዛት ዘ ሰን ሙቭድ አራውንድ ዚ ኧርዝ» ሲባል አማኙ አንድ ሰው ስላልሆነ ፓሲቩ ቦታው ነው። «ኢን 2006 ኢት ዎዝ ዲሳይድድ ዛት ፕሉቶ ዎዝ ኖት ኤ ፕላኔት» ብትዪ ግን አንባቢ ማን ወሰነ ይልሻል፣ ወሳኙ ደሞ የታወቀ ነው፣ ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ነው፣ ስለዚህ እሱን ሰብጀክት አድርጊው። በተለይ «ኢት ኢዝ ቢሊቭድ ዛት» ብሎ ማስረጃ ሳያስከትል የሚያልፍ ሪፖርት ሳይ እምነቴ ይቀንሳል፣ ማን አመነ፣ በምን ተነስቶ?

ሌላው ምክር ነገር ስትጽፊ ነው፣ «ኢት ኢዝ ሪኮሜንድድ ዛት ሂ ቴክ» እንጂ ቴክስ አይደለም፣ ሂ ቢሆንም ኤስ አይጨመርም። ብሪቲሾቹ «ሂ ሹድ ቴክ» ማለት ይቀናቸዋል፣ እሱም ትክክል ነው።

ብዕረኛዋ፦
አሁንስ ሪፖርቴን ከላይ እስከ ታች ላየው ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፣ ዛትን መዝለል ይቻላል? እና «አይ ዎዝ ሰርፕራይዝድ ዛት» ከየትኛው ነው የሚመደበው?

ሰዋሰው ወዳድ፦
ከቶልድ ኋላ መዝለል ይቻላል፣ «አይ ዎዝ ቶልድ ዘ ሚቲንግ ዎዝ ካንስልድ» ንግግር ላይም ኢሜይል ላይም የተለመደ ነው። በኢት ሲጀመር ግን በተለይ እንደ ቱ ሚ ያለ ነገር መሀል ከገባ አትዝለያት፣ አንባቢው ክሎዙ የት እንደጀመረ ይጠፋዋል። ሰርፕራይዝድ ደሞ ከሁለቱም አይደለም፣ እዛ ጋ ቅጽል ሆኖ ነው የገባው። ቬሪ ጨምሪበትና እይው፣ «አይ ዎዝ ቬሪ ሰርፕራይዝድ ዛት» ይሄዳል፣ «አይ ዎዝ ቬሪ ቶልድ ዛት» አይሄድም።