የዳፍኒያ ሙከራዬ ሁለት የተራራቁ ውጤቶች ሰጠኝ፤ የቱን ልመን?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የኢንዱስትሪ ፈሳሽ ለውሃ ውስጥ ሕይወት ምን ያህል መርዛማ እንደሆነ እንድለካ ተሰጥቶኛል። ብቻዬን ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። የምከተለው የኦኢሲዲ 202 መመሪያን ነው፤ ኦኢሲዲ የኬሚካል መፈተሻ መመሪያዎችን የሚያወጣ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ከተወለዱ 24 ሰዓት ያልሞላቸው ዳፍኒያዎች (በውሃ ውስጥ የሚኖሩ በጣም ትናንሽ እንስሳት)፣ 48 ሰዓት፣ አምስት የመጠን ደረጃ፣ በየደረጃው 20 እንስሳ። ከ100 ሚሊግራም በሊትር ጀምሬ በግማሽ በግማሽ እየቀነስኩ እስከ 6.25 ወረድኩ።

በመጀመሪያው ሙከራ ኢሲ50፣ ማለትም ከእንስሳቱ ግማሾቹን መዋኘት የሚያስቆመው መጠን፣ 12 ሚሊግራም በሊትር ሆነ። ከሳምንት በኋላ ስደግመው 41 መጣ። ኮንትሮሉ (ኬሚካል ያልተጨመረበት ኩባያ) ሁለቱንም ጊዜ ደህና ነበር፤ ከ20ው መዋኘት ያቆመችው አንዷ ብቻ ናት። አለቃዬ «አማካዩን ጽፈሽ ላኪው» አለኝ። እጄ ግን አልታዘዝ አለኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

ነጭ_ጋውን፦
መልስ ከመስጠቴ በፊት ልጠይቅሽ። ዕቃው ምንድን ነው፣ ክፍት ነው ወይስ የተከደነ? ኬሚካሉ ውሃ ውስጥ ምን ያህል ይሟሟል? በውሃው ውስጥ ያለውን መጠን በመሣሪያ ለክተሻል?

ጀማሪዋ፦
ክፍት የፕላስቲክ ኩባያ ነው። በመሣሪያ አልለካሁም፤ የጨመርኩትን አስልቼ ነው የጻፍኩት። የመሟሟት መጠኑን አሁን ከመረጃ ወረቀቱ አየሁት፤ 8 ሚሊግራም በሊትር ይላል። ደነገጥኩ። በመጀመሪያው ቀን ክፍሉን ሽታ ሞልቶት ነበር፣ በማግስቱ ግን ጠፋ። 100ው ላይ ደግሞ ጥቂት ዳፍኒያዎች ከውሃው ላይ ተንሳፍፈው ተጣብቀው አገኘኋቸው። የማይንቀሳቀሱ ብዬ ቆጠርኳቸው።

ኩሬ፦
እህቴ፣ አማካዩን አትላኪው። እጅሽ ልክ ነው።

ሽታው ራሱ መልሱን ነግሮሻል። የሸተተሽ ከኩባያው እየወጣ የነበረው ኬሚካል ነው። ከቀረውም ከፊሉ ፕላስቲኩ ላይ ተለጥፏል፤ ከውሃ ይልቅ ቅባት የሚወድ ነገር ፕላስቲክ አይለቅም። ከ8 በላይ የጨመርሽው ደግሞ ከመጀመሪያውም አልሟሟም። ላዩ ላይ ስስ ሽፋን ሠርቶ ዳፍኒያዎቹን ይዟቸዋል። እነዚያ በሽፋኑ ተይዘው እንጂ ተመርዘው ላይሆን ይችላል። ስለዚህ 12ም ሆነ 41 አንቺ የጨመርሽውን ነው የሚናገረው። እንስሳቱ ምን ያህል እንዳገኛቸው ማንም አያውቅም።

የደረሰብኝን ልንገርሽ። እንዳንቺ ጀማሪ ሳለሁ አንድ ተናኝ ፈሳሽ በክፍት ቢከር ሞክሬ «እስከ 100 ድረስ ጉዳት አላየሁም» ብዬ ፈረምኩ። በኋላ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በተከደነ ጠርሙስ፣ እየለካች ደገመችው። ኢሲ50 ከ1 በታች ሆኖ ተገኘ። ወረቀቴ ግን ወጥቶ ሄዶ ነበር። ማረሚያ ላክን፤ እስኪደርስ ድረስ ያ ፈሳሽ የት የት እንደተደፋ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ። ዛሬም ክፍት ቢከር ሳይ ትዝ ይለኛል።

ይህ የቁጥር ጨዋታ እንዳይመስልሽ። በዓለም አቀፉ የኬሚካል ምደባ 12ም 41ም ከ10 እስከ 100 ባለው በሦስተኛው የአጣዳፊ ጉዳት ምድብ ውስጥ ይገባሉ። እውነተኛው ቁጥር 1 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን አንደኛው ምድብ ነው፤ በርሜሉ ላይ የሞተ ዓሣና የደረቀ ዛፍ ሥዕል ይለጠፋል። ሦስተኛው በራሱ ያ ሥዕል የለውም። በርሜሉን የሚያጥበው ሠራተኛ የሚያየው ሥዕሉን ነው።

እንግዲህ እንደገና ጀምሪ። የመስታወት ጠርሙስ ያዢ፣ አየር እንዳይቀር እስከ አፉ ሙይውና ክደኚው። ዳፍኒያዎቹ በ48ቱ ሰዓት ስለማይመገቡ ኦክስጅኑ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃቸዋል፤ ቢሆንም መጨረሻ ላይ ለኪው፣ ከ3 ሚሊግራም በሊትር መውረድ የለበትም። ኬሚካሉን ውሃው ላይ አድርገሽ በዝግታ ለረጅም ጊዜ አማስይው። ከዚያ አስተኝተሽ፣ ላዩን ሳትነኪ ከሥር ቅጂ። ደረጃዎችሽን ከ8 አታሳልፊ፦ 8፣ 4፣ 2፣ 1፣ 0.5 እያልሽ።

ከሁሉ በላይ ግን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ መጠኑን በመሣሪያ ለኪ። ከ20 በመቶ በላይ ካልተለወጠ ባሰብሽው መጠን ማስላት ትችያለሽ። ከተለወጠ በተለካው አስዪ። ስትቆጥሪም ጠርሙሱን ቀስ አድርገሽ አወዛውዢና 15 ሰከንድ ጠብቂ። በዚያ ጊዜ ያልዋኘችውን ነው የምትቆጥሪው።

ነጭ_ጋውን፦
ኩሬ ያለችውን እደግፋለሁ። የእንስሳቱንም ጤንነት በፖታስየም ዳይክሮሜት ፈትሺ፤ መርዛማነቱ የታወቀ ማነጻጸሪያ ኬሚካል ነው። የ24 ሰዓት ኢሲ50 ከ0.6 እስከ 2.1 ሚሊግራም በሊትር ውስጥ ከወደቀ ችግሩ ከእነሱ አይደለም።

አልጌ_ወዳጅ፦
ቀጥሎ የአልጌ ሙከራ መምጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ከአሁኑ ልንገርሽ። 72 ሰዓት ነው፤ ኮንትሮሉ ቢያንስ 16 እጥፍ ማደግ አለበት። ጠርሙሱን ስትከድኚው አልጌው የሚያድግበት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያልቅበታል፣ የውሃው ፒኤችም ከፍ ይላል። ስለዚህ ባይካርቦኔት ጨምሪበት፣ ሲጀመርም ጥቂት ሕዋስ ብቻ አስገቢ።

አንድ ልመና አለኝ። መጠኑን መለካት ሳትችሉ ወደ ዓሣ እንዳትሄዱ። የዓሣው ሙከራ 96 ሰዓት ነው፣ ዓሣው ይሠቃያል። ባልታወቀ መጠን አሠቃይቶ ባዶ እጅ መመለስ ያሳዝናል። ተቀባይ ካገኘ በዜብራ ዓሣ ጽንስ የሚሠራውን የኦኢሲዲ 236 ሙከራ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ጀማሪዋ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የኩሬን መልስ ለአለቃዬ አነበብኩለት። ስለ በርሜሉ ሥዕል ስደርስ ዝም አለ፣ ከዚያ «ድገሚው» አለኝ። መለኪያ መሣሪያው ሐሙስ ጠዋት ነጻ ነው። ረቡዕ ማታ የተወለዱትን ሁሉ አውጥቼ እናቶቹን ብቻ እተዋለሁ፤ ጠዋት የማገኛቸው በሙሉ ከ24 ሰዓት በታች ይሆናሉ። ጠርሙሶቹን ማጠብ ጀምሬያለሁ።