ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን በቦዩ ዳር በብስክሌት፦ 4 ቀን ይበቃል?

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሴፕቴምበር አጋማሽ፣ እንቁጣጣሽ እንዳለፈ፣ ሦስት ሆነን የሲ ኤንድ ኦ ቦይን (ድሮ ጀልባ ይሄድበት የነበረ ሰው ሠራሽ የውሃ መስመር) መንገድ ከከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ ጀምረን እስከ ጆርጅታውን፣ ዋሽንግተን ዲሲ ልንነዳው አስበናል። 184.5 ማይል ነው። መኪና አይገባበትም፣ ሜዳ ነው፣ የፖቶማክን ወንዝ ይዞ ጫካ ለጫካ ይወርዳል፤ ስለዚህ 4 ቀንና 3 አዳር ይበቃል ብለናል። ብስክሌቶቻችን 32 ሚሊሜትር ጎማ ያላቸው ሃይብሪድ ናቸው፣ ከኋላ የዕቃ መጫኛ አላቸው። የምንጠይቀው፦ ጎማው ይሆናል ወይ? የት የት እንደር? ውሃስ? ብስክሌቱን እስከ ከምበርላንድ በምን እናድርሰው? ከመካከላችን አንዷ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ የምግቡንም ነገር ንገሩን።

አሮጌ_ፔዳል፦

እህቴ፣ 4 ቀን ይበቃል። ግን ሜዳነቱ እንዳያታልላችሁ። መንገዱ በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት ነበር፤ ከከምበርላንድ እስከ ጆርጅታውን የሚወርደው 605 ጫማ ብቻ ሲሆን እሱም በ74 ሎኮች (ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የውሃ በሮች) ተከፋፍሎ ነው፣ እያንዳንዱ ጋ 8 ጫማ ያህል። ፔዳል ሳትመቱ የምትንሸራተቱበት ቦታ የለም ማለት ነው። አስፋልት ላይ ዳገት ሲመጣ ከኮርቻ ይነሳሉ፣ ቁልቁለቱ ላይ እግር ያርፋል፤ እዚህ ቀኑን ሙሉ አንድ አቀማመጥ ነው። ቀድሞ የሚያማርረው መቀመጫና መዳፍ ነው እንጂ እግር አይደለም። በየ15 ደቂቃው ለግማሽ ደቂቃ ከኮርቻ ተነሱ፣ ማኑብሪዮው ላይም የእጃችሁን ቦታ ቀያይሩ። መንገዱ ደረቅ ከሆነ ጭነት ይዞ በሰዓት 9 ወይም 10 ማይል ይነዳል፤ ዝናብ ካደረ ወደ 6 ይወርዳል። ቀናችሁን በ6 ብታሰሉት አትጎዱም።

አዳር፦ በየ5 እና 8 ማይሉ ገደማ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ብቻ የተሰናዱ የድንኳን ቦታዎች አሉ። ነፃ ናቸው፣ ቀጠሮ አይያዝላቸውም፣ ቀድሞ የደረሰ ይተክላል፤ በአንድ ጉዞ አንድ ቦታ ላይ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ሽንት ቤት፣ ጠረጴዛ፣ እሳት ማንደጃና የእጅ ፓምፕ አላቸው። ለእናንተ እንዲህ ይከፈላል፦ የመጀመሪያው ሌሊት ኢንዲጎ ኔክ (ማይል 139.2)፣ ሁለተኛው ከምበርላንድ ቫሊ (95.2፤ ስሙ አያምታታችሁ፣ ከከተማው ጋር አይገናኝም)፣ ሦስተኛው ቦልድ ኢግል አይላንድ (50.3)። የማይል ቁጥሩ ወደ ጆርጅታውን ስትወርዱ ይቀንሳል። ሦስተኛው ቦታ ላይ የጭነት ባቡር ሌሊቱን ሲያልፍ ያድራል፣ የጆሮ ጥጥ ያዙ።

ወደ ከምበርላንድ ከዋሽንግተን ዩኒየን ስቴሽን በአምትራክ ነው፤ ድሮ ካፒቶል ሊሚትድ ይባል የነበረው፣ አሁን ፍሎሪዲያን የሚባለው ባቡር ነው። የብስክሌት ቦታ ከራሳችሁ ቲኬት ጋር አብራችሁ ያዙ፣ ሦስት ብስክሌት ከሆነ ዋል አደር ሳትሉ። የሚደርሰው ማታ ስለሆነ የመጀመሪያውን ሌሊት እዚያው ከተማ አድራችሁ ንጋት ላይ ተነሱ። አንድ የሚረሳ ነገር፦ የምድጃ ጋዝ ባቡር ላይ ክልክል ነው። ጣሳውን ከምበርላንድ ግዙ።

ካቴና፦

ስለ ጎማው እኔ ልመልስ። 32 በደረቅ ይሄዳል፤ ዝናብ ካገኛችሁ ግን ትቆጫላችሁ። ከኤድዋርድስ ፌሪ እስከ ሃርፐርስ ፌሪ ያለው የደቀቀ ድንጋይ ተደልድሎበታል፣ እሱ ችግር የለበትም። ወደ ላይ ስትሄዱ ግን ብዙው ቦታ መሐሉ ሣር፣ ግራና ቀኙ የጎማ ዱካ የሆነ አፈር ነው፤ የዛፍ ሥርና ኩሬ አለው። ፍሬሙ ከፈቀደ ከ38 እስከ 42 ሚሊሜትር አስገቡ። ከጎማው ግራና ቀኝ ቢያንስ 6 ሚሊሜትር ክፍተት ይቅር፣ አለዚያ ጭቃው ይይዘዋል። ለ42 ጎማ፣ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰውና 12 ኪሎ ጭነት፣ ከኋላ 45፣ ከፊት 35 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ጥሩ መነሻ ነው። ከዚህ በጣም ካወረዳችሁት ሥር ሲገጫችሁ ቸርኬው የውስጡን ጎማ ሁለት ቦታ ይነክሰዋል፤ ቀዳዳው ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ ምክንያቱ እሾህ ሳይሆን ይኸው ነው።

ፓራፋንጎ፦ ዝናብ ላይ ጀርባችሁን ያድናል፣ የዚህ መንገድ ሸክላ ግን ቅጠል ለውሶ በፓራፋንጎውና በጎማው መሐል ይጋገርና ጎማው መዞር ያቆማል። ክፍተቱ ከአንድ ጣት በታች ከሆነ የፊቱን ፍቱት። ጭቃ መፋቂያ እንጨት ከማኑብሪዮው ጋር አስራችሁ ያዙ፣ በየአሥር ደቂቃው ታወጡታላችሁ።

ጉዞ የሚያስቀረው ግን ጭቃ አይደለም፣ ጭራሮ ነው። ከዛፍ የወደቀ እንጨት የኋላ ጎማ ያነሳውና ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ይገባል፤ አንድ ፔዳል ስትጨምሩ ቀያሪው ተጠምዞ ራጂው (የጎማው ሽቦዎች) ውስጥ ይገባል። ከኋላ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሰማችሁ ወዲያው መምታት አቁሙ፣ ወርዳችሁ ጭራሮውን በእጅ አውጡ። ቀያሪው የተንጠለጠለበት ትንሽዬ የአሉሚኒየም ጆሮ ቀድሞ እንዲሰበር ሆኖ የተሠራ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፣ ቅርጹ ግን እንደ ብስክሌቱ ሞዴል ይለያያል፣ መንገድ ላይ አታገኙትም። ለየብስክሌታችሁ አንድ መለዋወጫ ያዙ።

ሌላው ዝርዝር አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ሰው 2 የውስጥ ጎማ፣ ማጣበቂያ፣ ፖምፓ፣ አንድ ጥንድ የፍሬን ሸራ (አሸዋ የያዘ ጭቃ እንደ ሞረድ ይበላዋል)፣ ለእርጥብ መንገድ የሚሆን የካቴና ዘይት፣ አምስት ስድስት የፕላስቲክ ማሰሪያ። የዕቃ መጫኛውን ብሎኖች በየጠዋቱ በቁልፍ ንኩ። ንዝረቱ ያላላቸዋል፤ አንዱ ከወደቀ ሌላው በግማሽ ቀን ይሰበራል።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ጋሼ ፔዳል፣ ካቴና፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። 40 ጎማ እናስገባለን። ፓው ፓው ዋሻ ውስጥ መንዳት ይቻላል? ደግሞ የሀንኮክ አስፋልት መንገድ ይሻላል የሚሉ አሉ።

አሮጌ_ፔዳል፦

ዋሻው ውስጥ ወርዳችሁ ግፉ፤ ደንቡም ይኸው ነው፣ ቦታውም ለመንዳት አይሆንም። 3,118 ጫማ ነው፤ መግፊያው ጠባብ፣ ወለሉ ወጣ ገባና ኩሬ ያለበት ነው። የብስክሌት መብራት ወደ ፊት ብቻ ስለሚያበራ የራስ መብራት ያስፈልጋል። ከቦዩ የሚለያችሁን የእንጨት አጥር ስትይዙ እጃችሁን አሳልፉበት፤ የበቅሎዎቹ ገመድ እየፈተገ የቦረቦረው ጎድጓዳ በጣት ይታወቃል። ጭነት ያዘለ ብስክሌት ሌላ ሰው ሲመጣ መተላለፊያ ስለሚያሳጣ ከአጥሩ በኩል አድርጋችሁ አንድ ባንድ ግፉ። ቦዩ ወንዝ የሚሻገርባቸው 11 የድንጋይ ድልድዮች ላይም ወርዶ መግፋት ነው።

አስፋልቱ ዌስተርን ሜሪላንድ የባቡር ሐዲድ መንገድ ነው፤ ከፒር እስከ ቢግ ፑል 22 ማይል ያህል ከቦዩ ጎን ለጎን ይሄዳል፣ ሀንኮክንም ያልፋል። ዝናብ ከጣለ ምንም ሳታመነቱ ውጡበት። ደረቅ ከሆነ በኔ ግምት ሀንኮክ ላይ ዕቃ ገዝታችሁ ወደ ቦዩ ተመለሱ፤ አስፋልቱ ፈጣን ነው፣ ወንዙ ግን ከታች ይቀራል።

ከዊሊያምስፖርት በታች ቢግ ስላክዋተር (ከማይል 88 እስከ 84) ላይ መንገዱ ወንዙ ዳር የተሠራ ሲሚንቶ ነው፤ ፖቶማክ ሲሞላ ይዘጋል። ከመነሳታችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ። ሃርፐርስ ፌሪ ከተማ ለመግባት ደግሞ ከመንገዱ ወደ ድልድዩ የሚያወጣው ደረጃ ጠመዝማዛ የብረት ደረጃ ነው፤ ሻንጣውን ፈትታችሁ ሁለት ጊዜ ተመላለሱ እንጂ ከነጭነቱ አትሞክሩት።

ድርቆሽ_በሻንጣ፦

ምግብና ውሃ ለኔ ተውልኝ። ከከምበርላንድ እስከ ሀንኮክ 60 ማይል ያህል ሱቅ የሚባል የለም ማለት ይቻላል፤ ኦልድታውን፣ ፓው ፓውና ሊትል ኦርሊንስ ላይ ያሉትም ከፍተው ካገኛችኋቸው ነው። ስለዚህ የሁለት ቀን ስንቅ ከከምበርላንድ ተሸክማችሁ ነው የምትወጡት።

እንጀራ አትያዙ፤ በዚያ እርጥበት በላስቲክ ታፍኖ በሁለተኛው ቀን ይሻግታል። ድርቆሽ ያዙ፤ ቀላል ነው፣ አይበላሽም። በደረቅ ሽንኩርትና በርበሬ ዘይት አቁላልታችሁ፣ ውሃ ጨምራችሁ ሲፈላ ድርቆሹን ብትጥሉበት በአሥር ደቂቃ ፍርፍር ነው፣ ለጾመኛዋም ይሆናል። ለሦስት ሰው ለአንድ ማታ 300 ግራም ድርቆሽ ይበቃል። መንገድ ላይ በሶ፦ ወደ 80 ግራም አፍ ሰፊ ኮዳ ውስጥ፣ ትንሽ ጨውና ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ደህና አድርጎ መነቅነቅ። ውሃውን አስቀድሙ፤ በሶው ከቀደመ ሥሩ ላይ ይጋገራል። ቆሎው የማኑብሪዮ ኪስ ውስጥ ይሁን።

ፓምፑ፦ እጀታውን ደጋግማችሁ ካልገፋችሁ አይወጣም፣ አንዱ እየገፋ ሌላው ይያዝ። መጀመሪያ የሚወጣው የዛገ ቀለም ካለው እስኪጠራ አፍስሱት። ውሃው በአዮዲን ይታከማል፣ ጣዕሙ ይታወቃል፤ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይመርኮዘው። ምርመራ ያላለፈ ፓምፕ እጀታው ተነቅሎ ታገኙታላችሁ፣ ስለዚህ በነፍስ ወከፍ 3 ሊትር ያዙ፣ በሦስት ሰው አንድ ማጣሪያም ይኑራችሁ። የቦዩን የቆመ ውሃ አታጣሩ፤ ደለሉ ማጣሪያውን ይዘጋዋል።

መዥገር የዚህ ሸለቆ ትልቁ ጣጣ ነው። ካልሲና ሱሪ ላይ ፐርሜትሪን (ፀረ ተባይ መድኃኒት) ከመነሳታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ርጩና አድርቁት፣ ቆዳ ላይ አይቀባም። ማታ ማታ ከጉልበት ኋላ፣ ወገብና ብብት ተፈታተሹ። ከተጣበቀ በቀጭን ወረንጦ ቆዳውን ተጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቫዝሊን መቀባት፣ በእሳት መንካት የለም። ቦታው ላይ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ነገር ከወጣ ሐኪም ቤት። ሽንት ስትወጡም በአንድ ዘንግ ሦስት ቅጠል ያለውን ሐረግ አትንኩ፣ ለሳምንት ያሳክካል።

ካቴና፦

የመጨረሻዋ፦ የማይል 0 ድንጋይ ጆርጅታውን ውስጥ ከጀልባ ማከራያው ኋላ፣ ሮክ ክሪክ ፖቶማክ የሚገባበት ላይ ነው፤ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፈዋል። ጆርጅታውን ሜትሮ የለውም፣ ቅርቡ ፎጊ ቦተም ነው፤ ባቡሩ ብስክሌት በማንኛውም ሰዓት ይቀበላል። ግን ጭቃውን ፍቃችሁ ግቡ። ጉልበት ከተረፋችሁ ከድንጋዩ አጠገብ የሚነሳው የሮክ ክሪክ መንገድ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አቅጣጫ ይወስዳችኋል፤ ከአራት ቀን ሜዳ በኋላ ግን ያችም ዳገት ትመስላችኋለች።

ማሂ_ሲልቨርስፕሪንግ፦

ሜትሮውን መርጠናል 😄 የማርሽ ጆሮዎቹን ዛሬ አዘዝን።