ለብርድ የሚሆን ትኩስ የብርቱካንና የሎሚ መጠጥ፦ ሎሚው ከቅመሙ ጋር ይፈላል ወይስ ኋላ ነው የሚገባ?

የማርቆስ ምራት

እንዴት አላችሁ ጎጃሞች፣ የታኅሣሥ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በትዳር ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ማርቆስ ከመጣሁ ወዲህ ማታ ማታ እግሬን የት እንደማደርገው ጨንቆኛል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ጀንበር ዘቅዘቅ ስትል ግን ጋቢ ደርበውም አይቻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጾም ስለሆነ ወተት የለም። አጥሚት በየቀኑ ይሰለቻል። ሻይ ማታ ከጠጣሁ ደግሞ እንቅልፍ በዓይኔ አይዞርም። ስለዚህ ያለ ሻይ ቅጠል፣ በብርቱካን፣ በሎሚ፣ በዝንጅብል፣ በቀረፋና በቅርንፉድ ብቻ የሚፈላ መጠጥ ቤት ውስጥ ማዘውተር ፈልጌያለሁ። ጠቡ አሠራሩ ላይ ነው። አማቴ ሎሚውን ከነልጣጩ ቆራርጠው ከቅመሙ ጋር አንድ ላይ ይጥዱታል፤ «ኃይሉ ልጣጩ ላይ ነው» ባይ ናቸው። እህቴ ደግሞ በስልክ «ሎሚ እሳት ካየ ሞተ» ትለኛለች። የአማቴ ሽታው ቤቱን ያውደዋል፣ ሲጠጣ ግን ይመራል፤ ስኳር ቢገለበጥበትም አይመለስ። የእህቴ አይመርም፣ ግን ዝንጅብል የነካው ሙቅ ውሃ ነው፣ ምኑም ምኑም አይጥም።

ማን ነው ልክ? ለአምስት ሰው የሚሆነውን መጠንም ንገሩኝ። ማሩስ መቼ ነው የሚገባ? ባለቤቴ «ማር ከፈላ መርዝ ይሆናል» ብሎ አስፈራርቶኛል። አማቴን «አሠራርዎ ልክ አይደለም» ማለት አልችልም፣ ስለዚህ በቂ ማስረጃ ይዤ ነው መቅረብ ያለብኝ :)

ቢቸናዊት

አንች ልጅ፣ ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል።

አማትሽ እውነታቸውን ነው፣ ሽታው ያለው ልጣጩ ላይ ነው። የብርቱካን ልጣጭ ሻማ አጠገብ ይዘሽ እጥፍ አርገሽ ብትጨምቂው ነበልባሉ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር አለ አይደል? እሱ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ያለው ግን ላይኛው ባለ ቀለሙ ቆዳ ላይ ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ነጩና የውስጡ ዘር ናቸው የሚመሩት። ሎሚው ከነሁለመናው ሃያ ደቂቃ ሲንተከተክ ምሬቱን ሁሉ ውሃው ይጠጣዋል። ከዚያ ወዲያ ስኳር ብትገለብጭ ምሬቱ እዚያው ነው፣ ጣፋጭ መራራ ጠጣሽ ማለት ነው። እህትሽም ልክ ናት። ጭማቂው እሳት ላይ ሲቆይ ያ ጠረኑ ይበናል፣ ቫይታሚን ሲውም ይቀንሳል። «ሞተ» ማለቷ ግን ተጋነነ።

እኔ ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው። አንድ ሊትር ተኩል ውሃ እጥዳለሁ። አውራ ጣት የምታህል ዝንጅብል ሁለት፣ አልልጣትም፣ በደንብ አጥቤ በዘነዘና መታ መታ አርጌ እከታታለሁ። ቀረፋ አንድ እንጨት። ቅርንፉድ አምስት ፍሬ። ኮረሪማ ከወደድሽ የአንዱን ፍሬ ግማሽ ጨፍልቀሽ። በቃ። ቅርንፉድ እንዳታበዥ። ጥርስ ሲያመን የምንነክሰው እኮ ስለሚያደነዝዝ ነው፤ ሲበዛ ምላስሽም ይደነዝዝና የብርቱካኑን ጣዕም ሳታውቂው ይቀራል። የተፈጨ ቅመም ደግሞ አልመክርሽም፣ መጠጡን ያደፈርሰዋል፣ ጉሮሮም ይከረክራል። ክዳኑን ገጥመሽ ቀስ ብሎ ይንተክተክ።

ቅመሙ ሲወጣ እሳቱን አጥፊ። ልጣጩ የሚገባው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። ብርቱካኑን ለብ ባለ ውሃ አሽተሽ ታጥቢዋለሽ፣ ከዚያ ስል በሆነ ቢላዋ ትልጭዋለሽ፣ ግን ሳስቶ ሳስቶ፣ የቢላዋው ጥላ በልጣጩ ውስጥ እስኪታይ ድረስ። ነጩ አብሮ ከመጣ ገልብጠሽ ፋቂው። የአንድ ብርቱካን ልጣጭ ይበቃል። ጣል አርጊና ክዳኑን መልሽ፣ አምስት ደቂቃ፣ አይለፍ። ከዚያ አጥልይው። የሦስት ብርቱካንና የሁለት ሎሚ ጭማቂ፣ ፍሬው እንዳይገባ በማጥለያ አርገሽ፣ ፔርሙዝ ውስጥ ትጨምሪና ትኩሱን ከላይ ትገለብጭበታለሽ። ፔርሙዝ ያልኩሽ በምክንያት ነው፤ ያች የለመድናት የአልሙኒየም ድስት ሎሚ ሲነካት መጠጡ ብረት ብረት ይላል። ማሩን ድስት ውስጥ አትጨምሪ፣ በየኩባያው ይሁን። አንዱ ጣፋጭ ይወዳል፣ አንዱ ኮምጠጥ ያለ፣ ባለቤትሽም መርዙን ለብቻው ይጠጣል።

ጠመኔ

ቢቸናዊት ደቂቃውን ሳትነግራት አለፈች፣ ዋናው ግን እሱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ያሉት አሠራሮች «10 ደቂቃ አፍሉ» ይላሉ። እሱ ባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው ነው፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ላይ በወጣሽ ቁጥር የአየሩ ጫና ይቀንሳል፣ ውሃውም ዝቅ ባለ ሙቀት ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ቀንሽ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃዋ 94 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ማርቆስ 2,400 ሜትርን አልፋለች፣ እዚያ 92 አካባቢ ነው። ስለዚህ አንች እናትሽ ቤት የለመድሽው አፈላል ማርቆስ ላይ ትንሽ ጊዜ ይጨመርበታል። ድስቱ እኩል ይንተከተካል፣ ውሃው ግን እኩል አይሞቅም። ደጋ ላይ ሽምብራና ባቄላ አልበስል የሚለውም በዚሁ ነው።

እሳት ብትጨምሪበት ዋጋ የለውም። ውሃው ቶሎ ያልቅብሻል እንጂ ሙቀቱ ንቅንቅ አይል። የሚረዳው ጊዜ ነው። ቀረፋ ደረቅ ቅርፊት ነው፣ ውስጡ ያለውን ለመስጠት ይቆያል፤ 20 ደቂቃ ስጭው፣ ብትችይ 25። ከሰሉ አመድ ሲለብስ መጣድ ነው፣ ለእንዲህ ያለው ነገር እሱ ይበቃል። ወይ ደግሞ ቅመሙን ጠዋት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ ማታ ጣጅው፣ የከሰሉንም ወጪ ይቀንስልሻል። ጮቄ ተራራ ሥር ያላችሁማ ሌላ አምስት ደቂቃ ጨምሩ።

አያ ዳጉሳ

ኧረ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን! የዳጉሳ አረቄ አንድ መለኪያ ጠብ አርጉበት፣ ብርዱ ዞር ብሎም አያያችሁ።

መድኃኒት ቤት

አያ፣ አረቄ የሚያሞቅ የሚመስለው ቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ነው። ፊት ይግላል፣ ጆሮ ይቀላል፣ ሰውነት ግን ሙቀቱን ወደ ውጭ እየሰጠ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ለሚጠጣው እንኳ ይሁን፣ ጠጥቶ ውርጭ ላይ ለሚወጣው አደጋ ነው። ደግሞ ልጅቱ ጾም ነው ብላለች እኮ።

ወደ ጥያቄው ስመጣ፣ ማር ስለፈላ መርዝ አይሆንም። የሚጠፋው ጠረኑና ለስላሳ ጣዕሙ ነው፣ ስለዚህ ቢቸናዊት እንዳለችው ኩባያ ላይ መጨመሩ ይሻላል። በተለይ የአገራችን ነጭ ማር፣ ገንዘብ አውጥተሽበት ድስት ውስጥ ብታቃጥይው ያሳዝናል። በማር በኩል እኔ የምፈራው ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ካለ ማር ያለበትን አታቅምሱት፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘር ማር ውስጥ ሊኖር ይችላል፣ በፈላ ውሃም አይሞትም። ትልቅ ሰው ምንም አይሆንም፣ የሕፃን አንጀት ግን አይቋቋመውም። አያቶች «ለሳሉ ነው» እያሉ ማር ያልሳሉ፣ በተለይ በዚህ በጉንፋን ወቅት፣ እባካችሁ በጨዋ ቋንቋ አስቁሟቸው።

ጨጓራ ያለበት ሰው ባዶ ሆዱን አይጠጣው። ሎሚውን ቀንሶ ብርቱካኑን ያብዛ፣ ዝንጅብሉንም ያሳሳ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለም ዝንጅብልና ቀረፋን በየቀኑ ከማብዛቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ። ማታ ከጠጣችሁ በኋላ ደግሞ ወዲያው ጥርስ አትቦርሹ፣ ኮምጣጣ ነገር የጥርስን ላይኛውን ክፍል ያለሰልሰዋል፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆዩ። ጉንፋን ያድናል እንዳትሉኝ እንጂ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ አፍንጫ ይከፍታል፣ እሱም ቀላል አይደለም።

የዘጌ ልጅ

ዘጌን ሰው በቡናና በጌሾ ብቻ ያውቀዋል፣ ሎሚም አገሩ ነው። ስለዚህ ስለ ሎሚ እኔን ስሙኝ።

ገበያ ላይ ትልቁን አትምረጭ። በእጅሽ ስትይዥው ከመጠኑ በላይ ከበድ የሚለውን፣ ልጣጩ ለስለስና ሳሳ ያለውን ውሰጅ፣ ውሃ ያለው እሱ ነው። ጥቁር አረንጓዴው ገና ነው፣ ወደ ቢጫ መምጣት የጀመረው ይሻላል። ማርቆስ ደርሶ በብርዱ ድንጋይ ከሆነብሽ ምድጃ ዳር ትንሽ አስቀምጭው፣ ከዚያ በመዳፍሽ ተጭነሽ ጠረጴዛ ላይ አንከባልይው፣ ሲቆረጥ ጭማቂው ራሱ ይፈሳል።

አሁን አማትሽን የሚያስታርቅሽ ነገር ልንገርሽ፦ ትርንጎ። የትርንጎ ነጩ አይመርም። ልጆች ሆነን የምንበላው እኮ እሱኑ ነው፣ ጭማቂው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከነልጣጩ፣ ከነነጩ መግባት የሚችለው ትርንጎ ብቻ ነው። አማትሽ ቆራርጠው ቢጥዱትም ጉዳት የለው፣ ሽታው ደግሞ ከሎሚም ከብርቱካንም ይበልጣል።

ኮሪያዎች ከዚህ የሚመሳሰል ነገር አላቸው። ዩጃ የሚባል ሎሚ መሰል ፍሬ ከነልጣጩ በስሱ ከትፈው ከማር ወይም ከስኳር ጋር ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡታል። ብርድ ሲመጣ አንድ ሁለት ማንኪያ ኩባያ ውስጥ፣ ሙቅ ውሃ ከላይ፣ አለቀ። ስሙም ዩጃቻ ነው። እኛ ትርንጎም ማርም ያለን ሰዎች ይህንን ሳንሠራ መቅረታችን ይገርመኛል። ትርንጎውን በጣም አሳስተሽ ክተፊ፣ ፍሬውን አውጭ፣ በክብደት ከማሩ እኩል አርገሽ አንድ ረድፍ ትርንጎ፣ አንድ ረድፍ ማር እያልሽ ሙይው። ቀረፋ አንድ ቁራጭ መሀሉ ላይ ሻጥ። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ማሩ ይቀጥናል፣ ትርንጎው ያሳልፋል፣ ያኔ ደርሷል።

የማርቆስ ምራት

ኧረ ተባረኩ፣ ይህን ያህል አልጠበቅሁም። የጠመኔው ነገር ብቻውን ባለቤቴን ዝም ያሰኘዋል፣ ፊዚክስ ይፈራል። ልጣጭ አላላጡን ለአማቴ ነው የምተወው። ድንች ሲልጡ አይቻቸዋለሁ፣ እንደሳቸው አሳስቶ የሚልጥ የለም። «እርስዎ ላጡልኝ» ስላቸው ልጣጩ ወደ ኋላ መቅረቱን ልብ አይሉትም።

ሦስት ነገር ብቻ። የትርንጎው ማር ስንት ጊዜ ይቆያል? ፍሪጅ አለን፣ መብራቱ ግን ይሄዳል ይመጣል። የተጠለለውን ቅመምስ ደግሞ መጣድ ይቻላል ወይስ ይደፋ? አማቴ ጤና አዳምም ካልገባበት ይላሉ።

መድኃኒት ቤት

ጤና አዳም እርጉዝ ሴት ባለችበት ቤት አይግባ፣ ማሕፀን ያነቃቃል፣ ጽንስ ሊያስወርድም ይችላል። ከሌለች አንድ ቀንበጥ ኩባያው ላይ ጣል አርጎ ማውጣት ነው፣ ቡና ላይ እንደምናደርገው። አይፈላም።

ቢቸናዊት

ቀረፋውን ደግመሽ ጣጅው፣ አንድ እንጨት ሁለተኛም ይወጣለታል፤ ማር ማር የሚል ቀለም መስጠት ሲያቆም ትደፊዋለሽ። ዝንጅብሉ ግን አንዴ ከፈላ አለቀለት፣ አዲስ ጨምሪ። ቅርንፉዱን ልቀሚና ጣይው፣ ድጋሚ ሲፈላ የሚቀረው ምሬቱ ነው።

የትርንጎውን ማር በተመለከተ፣ ማር ብቻውን አይበላሽም፣ ትርንጎው ግን ውሃ ይለቅበታል፣ እሱ ነው ችግሩ። መብራት የማይቆይ ከሆነ ብዙ አትሥሪ፣ በሁለት ሳምንት የምትጨርሱትን ያህል ይበቃል። ዕቃውን በፈላ ውሃ ታጥቢና ጠብ የሚል ውሃ እስከማይቀር ታደርቂዋለሽ። እርጥብ ማንኪያ አይግባበት። ትርንጎው ከማሩ በላይ ብቅ እንዳይል በየቀኑ ገልበጥ ገልበጥ አርጊው። ሻጋታ ካየሽ ሙሉውን ድፊ፣ ላዩን ጠርጎ መብላት የለም። አረፋ ካወጣና ክዳኑን ስትከፍች «ጢስ» የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ መፍላት ጀምሯል፣ ወደ ጠጅ እየሄደ ነው፣ ለልጆች አትስጭው።

አያ ዳጉሳ

እሱን ወደኔ።

ቢቸናዊት

ይምጡና ይውሰዱ፣ ዕቃውን ግን ይመልሱ። ምራቷ፣ ትርንጎ ማርቆስ ገበያ ካጣሽ በብርቱካን ሥሪው፣ ግን ያኔ ነጩን ፋቂ።