ፖሊአኒሊንና ካርቦን ናኖቱብ፦ ኤሌክትሮዴ ቶሎ እየደከመብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጀማሪ ኬሚስት (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለመመረቂያዬ ሱፐርካፓሲተር (ቶሎ የሚሞላና የሚራገፍ የኤሌክትሪክ ማከማቻ) እየሠራሁ ነው። የኤሌክትሮዱ ዋና ነገር ፖሊአኒሊን (ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፖሊመር) ነው፣ 5 በመቶ ባለ ብዙ ግድግዳ ካርቦን ናኖቱብ (እጅግ ቀጭን የካርቦን ቱቦ) ገብቶበታል። አሠራሬ ይህን ይመስላል። ናኖቱቡን 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ በሶኒኬተር (በድምፅ ሞገድ በሚበትን መሣሪያ) በተንኩት። አኒሊን ጨመርኩበት። በረዶ ላይ አድርጌ አኒሊኑን ወደ ፖሊመር የሚቀይረውን አሞኒየም ፐርሰልፌት ወዲያው አንድ ላይ ገለበጥኩበት። የወጣውን ዱቄት በንጹህ ውሃ ደጋግሜ አጠብኩት፣ አሲዱ ሙልጭ ብሎ እስኪወጣ። ከዚያ ከማጣበቂያ ጋር ለውሼ ስቴንለስ ስቲል ወንፊት ላይ ቀባሁት። ኤሌክትሮላይቱ 1 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ነው።

ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ዱቄቱን ጠፍጥፌ በአራት ነጥብ መለኪያ ስለካው ኤሌክትሪክ በደንብ አያስተላልፍም፣ ከቦታ ቦታም ይለያያል። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ 480 ፋራድ በግራም ይሰጠኛል፤ ከሺህ ሳይክል (መሙላትና ማራገፍ) በኋላ ግን ግማሹም አይቀርም። አማካሪዬ "ናኖቱቡን ጨምርበት" ይሉኛል። ወደ 20 በመቶ ላሳድገው ወይስ ሌላ መላ አለ?

ቀንዲል፦
ወንድሜ፣ ናኖቱቡን ከመንካትህ በፊት አንድ ነገር ንገረን። የደረቀው ዱቄት ቀለሙ ምንድን ነው? አረንጓዴ ነው ወይስ ወደ ሰማያዊ ሄዷል?

ጀማሪ ኬሚስት፦
ከማጠቤ በፊት ጥቁር አረንጓዴ ነበር። አሁን ጥቁር ሰማያዊ ነገር ነው። ናኖቱቡ ያጠቆረው መስሎኝ ነበር።

ቀንዲል፦
የመጀመሪያው ችግርህ ግማሽ መልስ እሱ ነው። ፖሊአኒሊን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ከአሲዱ ፕሮቶን ይዞ አረንጓዴ ሲሆን ነው። በንጹህ ውሃ አብዝተህ ስታጥበው ፕሮቶኑን ይለቅና ሰማያዊ ይሆናል። ሰማያዊው መልኩ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት ይቻላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ዱቄቱን መልሰህ 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፈህ እያማሰልክ ጥቂት ሰዓት አቆየው፣ አጣራው፣ ሳታሞቀው አድርቀው። ወደፊትም የመጨረሻውን እጥበት በቀጭን አሲድ አድርገው እንጂ በውሃ አትጨርስ።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ሴሉ ውስጥ ሰልፈሪክ አሲድ ስላለ ፖሊመሩ እዚያ ራሱ ተመልሶ አረንጓዴ ይሆናል። ስለዚህ የሳይክሉ መድከም ከዚህ አይመጣም። ሌላ ምክንያት አለው።

የላብ ሰው፦
ቀለሙን ቀንዲል ጨርሶታል፣ እኔ ወደ "ከቦታ ቦታ ይለያያል" ልሂድ። ናኖቱብ በጣም ቀጭንና ረጅም ስለሆነ በደንብ ከተበተነ እንደ ሸረሪት ድር እርስ በርሱ ይነካካል። ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ የሚሄድበት መንገድ ከዳር እስከ ዳር ይገናኛል። በደንብ በተበተነ ናኖቱብ ይህ ከ1 በመቶ በታችም ይመጣል። 5 በመቶ ጨምረህ ልኬትህ ከተዘበራረቀ የጎደለህ መጠኑ አይደለም፣ መበተኑ ነው። 20 ብታደርገው ብዙ ጓል ታተርፋለህ እንጂ ያው ነው።

እንዴት ታውቃለህ? ከሶኒኬተሩ የወጣውን ፈሳሽ ጠብታ ብርጭቆ ላይ አድርገህ በተራ ማይክሮስኮፕ እየው። ጥቁር ጥቁር ጓል በዓይን ከታየህ አልተበተነም። ሌላው ደግሞ ጠርሙሱን ሳትነካው አሳድረው። ጠዋት ላዩ ጠርቶ ታቹ ከተቆለለ ነገሩ ግልጽ ነው።

መላው ይህ ነው። ናኖቱቡንና አኒሊኑን አሲድ ውስጥ አብረህ ሶኒኬት አድርግ። አኒሊን ከናኖቱብ ግድግዳ ጋር ስለሚዋደድ በጓሉ መካከል ይገባል፣ ኋላም ፖሊመሩ እዚያው ግድግዳው ላይ ያድጋል። አሞኒየም ፐርሰልፌቱን ጠብታ በጠብታ ጨምረው፣ ከ0 እስከ 5 ዲግሪ ባለው ሙቀት። አንድ ላይ ስትገለብጠው ፖሊመሩ ከናኖቱቡ ርቆ ፈሳሹ ውስጥ ለብቻው ይቋጠራል። መጠኑ በሞል 1 አኒሊን ለ1.25 ፐርሰልፌት ቢሆን ጥሩ ነው።

ሶኒኬተሩን አታብዛው እሺ? ዘንግ ያለው ዓይነት ከሆነ በየመሃሉ አሳርፈው፣ ዕቃውንም በረዶ ላይ አስቀምጥ። ብዙ ከቆየ ናኖቱቡን ይሰብረዋል፤ ካጠረ ድሩ ይበጠሳል።

ሜሮን ኤሌክትሮ፦
ናይትሪክና ሰልፈሪክ አሲድ ቀላቅሎ ናኖቱቡን ማፍላትስ? እኛ ጋ ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው። በኋላ በደንብ ይበተናል።

የላብ ሰው፦
እህቴ ልክ ነሽ፣ ይበተናል። ግን አሲዱ ግድግዳውን ይበሳሳዋል፣ የማስተላለፍ አቅሙም ይቀንሳል። እዚህ ጋ አኒሊኑ ራሱ ስለሚበትን በቀላሉ መጀመር ይሻላል። ግድ ከሆነም ለስለስ ባለ ሙቀትና በአጭር ጊዜ።

ጋሽ ፖሊመር፦
ልጆች፣ አማካሪውን ሙሉ በሙሉ አትጣሏቸው። ፖሊአኒሊን ሲሞላና ሲራገፍ አየኖች (ቻርጅ ያላቸው ቅንጣቶች) ይገቡበታል፣ ይወጡበታል። በዚያ ምክንያት ያብጣል፣ ይኮማተራል። ብዙ ሲደጋገም ይሰነጠቃል፣ ከብረቱም ይላቀቃል። ጥሩ የናኖቱብ አጽም ካለው ይህን እብጠት ይችለዋል። ስለዚህ መጀመሪያ በደንብ በትን፣ ከዚያ 5ን ከ10 ጋር አወዳድር። ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው።

ግን ሌላ ነገር አሳስቦኛል። እስከ ስንት ቮልት ነው የምትወስደው?

ጀማሪ ኬሚስት፦
በሦስት ኤሌክትሮድ፣ ከብር/ብር ክሎራይድ (ማመሳከሪያው ኤሌክትሮድ) አንጻር ከ0 እስከ 1 ቮልት ነው ጋሼ። ሰፋ ሲል ብዙ ኃይል ይይዛል ብዬ ነው።

ጋሽ ፖሊመር፦
ቀማኛው እሱ ነው። ከ0.8 በላይ ስትወስደው ፖሊመሩ ከመጠን በላይ ኦክሲዳይዝ ይሆናል፣ ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል፣ ቤንዞኪኖን የሚባል ነገር ይወጣዋል። ሳይክሊክ ቮልታሜትሪህን (ቮልቱን ከፍና ዝቅ እያደረግህ ጅረቱን የለካህበትን ግራፍ) አውጣና ተመልከት። ፖሊአኒሊን ሁለት ዋና ጫፍ አለው፣ አንዱ 0.2 አካባቢ፣ ሌላው ወደ 0.75 ገደማ። በመካከላቸው 0.5 አካባቢ ሦስተኛ ጫፍ በየሳይክሉ እያበጠ ከመጣ ፖሊመርህ እየፈረሰ ነው። ናኖቱብ ይህን አያድንም። መስኮቱን (የቮልቱን ክልል) 0.8 ላይ ዝጋው።

ሜሮን ኤሌክትሮ፦
ወንፊቱስ? ሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ እዚያ ቮልት ላይ ስቴንለስ ስቲሉ ራሱ ሊበላ ይችላል። ምንም ያልተቀባ ባዶ ወንፊት በዚያው መስኮት ውስጥ አስኪድ። ጅረቱ ከፍ ካለ ወይም ፈሳሹ ቀለም ከያዘ የካርቦን ጨርቅ ወይም ግራፋይት ወረቀት ተጠቀም።

ሚዛን፦
እኔ ደግሞ 480ን ልጠራጠር። ብረቱ ላይ ያለው ስንት ሚሊግራም ነው? ሚዛንህስ እስከ ስንት ያነባል?

ጀማሪ ኬሚስት፦
0.4 ሚሊግራም ገደማ። ሚዛኑ እስከ 0.1 ሚሊግራም ያነባል።

ሚዛን፦
እንግዲህ ሚዛኑ ብቻውን እስከ ሩብ ያህል ሊያስትህ ይችላል። 480 ያልከው 400 ሊሆን ይችላል፣ 600ም ሊሆን ይችላል። ስስ ቅብ ላይ ደግሞ አየኑ በቀላሉ ስለሚደርስ ቁጥሩ ያማረ ይመጣል፤ ወፈር ሲል ይወርዳል። ጥቂት ሚሊግራም በካሬ ሴንቲሜትር ቀብተህ እንደገና ለካ።

ሌላው፣ በሦስት ኤሌክትሮድ ያገኘኸውን ለሙሉ ሴል አትጥቀስ። ሁለት እኩል ኤሌክትሮድ ስታገጣጥም በጠቅላላ ክብደት ሲሰላ አቅሙ አንድ አራተኛ ይሆናል። ኤሌክትሮዱ 400 ቢሆን ሴሉ 100 ነው። በ0.8 ቮልት ብታሰላው ወደ 9 ዋት ሰዓት በኪሎግራም ይወጣል፣ እሱም ብረቱን፣ ፈሳሹንና ሁለቱን ኤሌክትሮዶች የሚለየውን ስስ ሽፋን ሳትቆጥር።

የላብ ሰው፦
በመሃል አንድ የደኅንነት ነገር። ደረቅ ናኖቱብ ዱቄት ክፍት ቦታ አትመዝን። ጭስ መምጠጫ ውስጥ፣ በጓንትና በትክክለኛ የአፍንጫ መከለያ ይሁን። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 አንድ ባለ ብዙ ግድግዳ ዓይነት ናኖቱብን ካንሰር ሊያመጣ እንደሚችል ብሎ መድቦታል። እርጥብ ሲሆን አይበንም፣ ስለዚህ ከመዘንክ በኋላ ቶሎ አርጥበው። የፈሰሰውንም በእርጥብ ወረቀት አንሳ፣ አትጥረግ።

ጀማሪ ኬሚስት፦
በጣም አመሰግናለሁ። ባዶውን ወንፊት አስኪጄ ፈሳሹ በመጠኑ ቢጫ ሆኗል፣ ሜሮን ልክ ነበረች። ዱቄቱም አሲድ ውስጥ ገብቶ አረንጓዴ ሆኗል፣ አሁን ልኬቱ በጣም ይሻላል። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። መስኮቱን 0.8 ላይ ስዘጋው የመጀመሪያው ቁጥር ይቀንሳል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ጋሽ ፖሊመር፦
ዝቅ ያለውን ጻፍ። ከጎኑ መስኮቱን፣ የቅቡን ክብደት በካሬ ሴንቲሜትር፣ የጅረቱን መጠንና የስንት ሳይክል ውጤት እንደሆነ አስቀምጥ። የ1 ቮልቱንም ግራፍ አትጣለው፣ ያን 0.5 ላይ የሚያብጠውን ጫፍ ቀስት አድርገህበት ለአማካሪህ አሳያቸው። እና የካርቦን ጨርቅ ስትቀይር ጨርቁ ብቻውን የሚሰጠውን አቅም ለይተህ ለካና ቀንስ፣ አለበለዚያ የጨርቁን ለፖሊመሩ ትቆጥርለታለህ።