ክርክር፦ ሙዚቃ ሰምቶ የተጻፈ ሃይኩ «ሳልቫጅ» ነው?

ቀበና፦ ትናንት ለለጠፍኳት ሃይኩ፣ ለዚያች ባለ ሦስት መስመር የጃፓን ዓይነት ግጥም፣ የተሰጠኝን መልስ አይታችኋል? የፈረንሳዊውን የሙዚቃ ደራሲ የደቡሲን «ባሕሩ» እየሰማሁ የጻፍኳት ናት። ላላያችሁ ይቻትላችሁ፦

ባሕር ተነሣ
ሸራው ግን አልተፈታም
ጀልባው የማን ነው

ጠጅ ሳር ምን አለኝ? «ኦርኬስትራ ሰምቶ የሚጻፍ ሃይኩ ሳልቫጅ ነው፤ ሌላ ሰው ለብሶ የጣለውን ስሜት ነው የለበስሽው።» ግጥምሽ አትጥምም ቢለኝ እሺ ብዬ አልፍ ነበር። ሳልቫጅ ምን የሚሉት ትችት ነው?

ጠጅ ሳር፦ ያልኩትን ብያለሁ፣ አላነሣም። ሃይኩ ካዩት ነገር ነው የሚጻፈው። «ሃይኩ» የሚለውን ስም ያወጣለት ማሳኦካ ሺኪ ያስተማረው ይህንኑ ነው። ሠዓሊ እንደሚነድፈው ፊትህ ያለውን ንደፍ ነው ያለው። ሰውዬው ቲቢ አልጋ ላይ ጥሎት እንኳ ተኝቶ የሚያየውን ግቢ ጻፈ እንጂ ሙዚቃ ከፍቶ አላለቀሰም። አንቺ ባሕር አላየሽም። ደቡሲ ያየውን ባሕር ነው የሰማሽው።

የሌሊት ወፍ፦ ደቡሲስ መቼ አየና? «ባሕሩ»ን በ1903 የጀመረው ፈረንሳይ ውስጥ ቡርጎኝ ሆኖ ነው፤ ባሕር የሚባል በአካባቢው የለም። ትዝታዬ ይበልጥብኛል ብሎ ለወዳጁ ጽፏል። በ1905 ኖታው ሲታተም ደግሞ ሽፋኑ ላይ ያወጣው የጃፓናዊውን ሠዓሊ የሆኩሳይን ማዕበል ነው። ሳልቫጅ ከሆነ እንግዲህ ዕቃው መጀመሪያም የጃፓን ነበር። ቀበና ወደ ባለቤቱ መለሰችው።

ጠጅ ሳር፦ ሽፋን ነው ያልከው። ሽፋን አይዘፍንም።

ሳድስ፦ እኔ ጭቅጭቃችሁን ትቼ ቆጠርኩ። 26 ፊደል። ሃይኩ በየመስመሩ 5፣ 7፣ 5፣ ድምሩ 17 አይደል እንዴ?

ቀበና፦ በአፍህ ቁጠር እንጂ በጣትህ አትቁጠር! ባ፣ ሕር፣ ተ፣ ነ፣ ሣ። አምስት። ሌሎቹንም ሞክራቸው፣ ይሞላሉ። ስምህን ሳድስ ብለህ ሳድስ ሲዋጥ አታውቅም?

ሳድስ፦ የተጻፈ ፊደል ፊደል ነው። እኔ የማውቀው ይሄን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ስለ ማየት ላውራችሁ። ቶኪዮ በ1912 ለዋሽንግተን ከ3,000 በላይ የቼሪ ዛፎች ሰጥታለች፤ የተተከሉትም እዚሁ አጠገባችን ነው። በየዓመቱ ሲያብቡ የከተማው አበሻ ግማሹ ሄዶ ፎቶ ይነሣል። እኔም እሄዳለሁ፣ አያለሁ፣ አንድ መስመር አይመጣልኝም። ፓርኪንግ ፍለጋ ነው ትዝ የሚለኝ። ማየት ብቻውን ቢበቃማ ኖሮ እዚህ ሁላችንም ታላቁ የሃይኩ ገጣሚ ባሾ ነበርን።

አቦል፦ ጠጅ ሳር፣ ሺኪን ከጠራህ ሌላውን የሃይኩ ገጣሚ ቡሶንንም ጥራ። ቡሶን መኝታ ቤቱ ውስጥ የሟች ሚስቱን ማበጠሪያ ሲረግጥ የተሰማውን ቅዝቃዜ ጻፈ። ሚስቱ ግን በሕይወት ነበረች፤ እንዲያውም እሱን ቀብራ ብዙ ዓመት ኖራለች። ሺኪ ደግሞ ከባሾ አስበልጦ ያነገሠው ይሄንኑ ቡሶንን ነው። ምኑን አይቶ ነው?

ጠጅ ሳር፦ ሚስቱን ይግደላት፣ እግሩን ግን አልፈጠረውም። ወለል ላይ ቀዝቃዛ ነገር ረግጦ ያውቃል። እኔ የምለው ይሄ ነው። የሆነ ቦታ ገላ መኖር አለበት።

አቦል፦ ቀበናስ ጆሮዋ ገላዋ አይደለም?

የሌሊት ወፍ፦ ባሾም በ1689 ወደ ሰሜን የወጣው ድሮ ገጣሚው ሳይግዮ የገጠመባቸውን ቦታዎች ለማየት ነው። ሂራይዙሚ የሚባል ቦታ ደርሶ ያለቀሰው የቻይናውን የቱ ፉን ግጥም እያስታወሰ ነው። በጆሮው የሌላ ሰው ድምፅ ይዞ ነው የተጓዘው። ይሄም ሳልቫጅ ተራ ነው በለና!

ጠጅ ሳር፦ አስታውሶ ሄደ። ሄደ! ሶፋ ላይ ጋደም አላለም።

ቀበና፦ ሶፋ የለኝም፣ ለመረጃ ያህል።

ጎንጅ፦ ልጆች፣ እኔ የሚገርመኝ ጃፓን ድረስ መሄዳችሁ ነው። አጭሩ ቅኔ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ያልቃል፣ ከናንተ በአንድ መስመር ያንሳል። ቅኔ ደግሞ ድሮም በዜማ ነው የሚባል። ዜማና ግጥም መቼ ተለያይተው ነው አስታራቂ የምትሆኑት?

አቦል፦ ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ከቀበና ጋር ነው የሚያቆምዎ። ግን ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ባሾ እንቁራሪቷ ኩሬ ውስጥ ዘለለች ሲል ከሥር ወርቅ ቆፍሩ አላለም።

ጎንጅ፦ ማን ነገረህ? አስተማሪ ስላጣህ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ክላሲክ ከተባለ ለምን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ አይነሡም? ፒያኖዋቸው ራሱ ሃይኩ ነው። አንድ ሐረግ ይጫወታሉ፣ ትንፋሽ ይወስዳሉ።

ሳድስ፦ እማሆይ ጃዝ አይደሉም እንዴ?

ቀበና፦ በ2006 በኢትዮፒክስ የአልበም ተከታታይ ቁጥር 21 ላይ ስለወጡ ጃዝ አደረጋችኋቸው! ሴትዮዋ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩ፣ በኋላም ካይሮ የሠለጠኑ ናቸው። በ2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ውስጥ እስኪያርፉ ድረስ ማን ጃዝ ሲሉ ሰማቸው?

ሳድስ፦ ታዲያ ትዝታ ቅኝት ክላሲክ ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ይሄን አትክፈቱት፣ እለምናችኋለሁ። ባለፈው ሦስት ሰው ከግሩፑ ወጥቷል።

ጠጅ ሳር፦ ወደ ጉዳዩ። ሲምፎኒ አርባ ደቂቃ ያወራል፣ ሃይኩ አንድ ትንፋሽ ነው። ከአርባ ደቂቃ ወሬ ምን ይዘሽ ትመጫለሽ? «ደስ አለኝ» ብቻ።

የሌሊት ወፍ፦ የቤትሆቨንን ስድስተኛ ሲምፎኒ ስማ። የሁለተኛው ክፍል ማብቂያ ላይ ሙዚቃው ቆም ይላል፤ ሦስት ወፎች በፍሉት፣ በኦቦና በክላርኔት በየተራ ይጮኻሉ። ሰው ከዚያች ቅጽበት ሃይኩ ካልወጣው ጥፋቱ የቤትሆቨን አይደለም።

ጠጅ ሳር፦ ወፍ ከፈለጋችሁ እንጦጦ ውጡ። ክላርኔት የሚነፋ ኩኩ እስካሁን አላየሁም።

ቀበና፦ በ1808 ሲምፎኒው ሲቀርብ የሰውዬው ጆሮ እየከዳው ነበር። እሱንም እንጦጦ ትልከዋለህ?

ጠጅ ሳር፦ እሱ ሃይኩ ጻፍኩ አላለም። እሺ፣ ሌላው ይቅር። ሃይኩ ወቅት ይጠራል፤ በግጥምሽ ውስጥ ወቅቱ የት አለ? ባሕሩ የተነሣው በክረምት ነው በበጋ? ጃፓኖች ለወቅት ቃል መዝገብ አላቸው፣ አንቺ አንዲት ቃል አጣሽ?

ቀበና፦ ሸራ ያልተፈታበት ወቅት።

ጠጅ ሳር፦ እሱ ወቅት አይደለም፣ ስንፍና ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ የቪቫልዲን «አራቱ ወቅቶች» ሙዚቃ ብትሰማ ኖሮ አራቱንም በነፃ ታገኝ ነበር።

ጎንጅ፦ የሱ በጋ የኛ ክረምት ነው። ሐምሌ ላይ ዝናብ ሲያወርድብን እሱ በሙቀት ይቃጠላል።

አቦል፦ ወቅት ከሌላት ሴንርዩ የሚሉት የሃይኩ ዘመድ ናት በሏትና እንተኛ።

ጠጅ ሳር፦ ሴንርዩ ሰው ላይ ይቀልዳል። ይቺ ማን ላይ ቀለደች?

አቦል፦ አንተ ላይ። ከትናንት ጀምሮ።